ቱሉ ዲምቱ ያለው የመስማት ምርመራ ክፍል፦ ምኑ ደህና ነው፣ ምኑ ይጎድላል

ከአቃቂ፣ ከገላንና ከዱከም ፋብሪካዎች የሚወጣ ሠራተኛ ጆሮው ጭው ማለት ሲጀምር ከጓደኞቹ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ኩክ ነው፣ ዘይት ጠብ አድርግበት» ይሉታል። አንዳንዴ እውነትም ኩክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ፣ ዘይት በማይደርስበት ቦታ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ለዚህ ምርመራ ከዚህ አካባቢ መሀል ከተማ ድረስ መሄድ የተለመደ ነበር። አሁን በቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ የመስማት መለኪያ ክፍል ያለው አነስተኛ ከአንገት በላይ ክሊኒክ ይሠራል። ስሙን አንጽፍም፤ የምናየው አሠራሩን ስለሆነ በዚያው ዓይን ሌላውንም ክሊኒክ መመዘን ትችላላችሁ።

ፍርዳችንን እናስቀድም። በጩኸት ሥራ ላይ ለቆየ አዋቂ ሰው እዚህ የሚደረገው ምርመራ የተሟላ ነው፤ ጀምረው አያቋርጡም፣ የውጤቱንም ወረቀት አይከለክሉም። ክፍሉ ግን እንደሚገባው ጸጥ ያለ አይደለም። የንግግር ምርመራው ደካማ ነው፤ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ አሻሻጡም ብዙ ይቀረዋል። ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው ከነጭራሹ ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ያለ ቀኑ የተደረገ ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ያመጣል። ጆሮ ጩኸት ውስጥ ሲውል ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ድንዛዜው በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ከፈረቃ እንደወጣችሁ ብትለኩ ይህ የሚለቀው ድንዛዜ ከማይለቀው ጉዳት ጋር ተደምሮ ስለሚታይ ጆሯችሁ ከእውነቱ በላይ የተጎዳ ይመስላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት መራቅ ያስፈልጋል። ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚመቸው ሰኞ ጠዋት ነው፤ እሑድን አርፎ፣ ፈረቃ ሳይገባ። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስለሚቀበል ይህ ይቻላል። እሑድን ሰርግ ላይ ከድምፅ ማጉያ ሥር የዋለ ሰው ግን ጆሮውን አላሳረፈም፤ ቀጠሮውን ቢያዛውር ይሻለዋል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከፍ አድርጎ ሙዚቃ የሚሰማም እንደዚሁ።

ካርድ ካወጣችሁ በኋላ አንድ ገጽ መጠይቅ ይሞላል፤ ይህን ክፍል ወደነዋል። ሥራችሁን ብቻ ጠይቀው አያልፉም። የትኛው ማሽን አጠገብ እንደምትቆሙ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት፣ የጆሮ መድፈኛ ታደርጉ እንደሆነ ይመዘግባሉ። ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ለሥራ ቦታ በብዙ አገር የሚሠራበት ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር ብዙ ጊዜ ከ95 ይበልጣል። ስለዚህ ብየዳ ቤት ውስጥ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ግራይንደር የሚይዝ ልጅ ቀኑን ሙሉ መካከለኛ ጩኸት ውስጥ ከሚውለው ሰው ያላነሰ ሊጎዳ ይችላል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላሉ ምልክት ይህ ነው፤ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ 85 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ጠጠር የሚፈጭ ክሬሸር፣ የብሎኬት ማሽን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ሁሉም በዚህ ሚዛን ይታያሉ።

ስለ መድኃኒትም ይጠይቃሉ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲንና ካናማይሲን የተባሉት መርፌዎች፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲንም፣ የውስጥ ጆሮን በማይመለስ ሁኔታ ሊጎዱ ይችላሉ። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒንና ብዙ መጠን ያለው አስፒሪን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም የሚለቅ ጭው ማለት ያመጣሉ። «የሳንባ መርፌ ወስጄ ነበር» ማለት አይበቃም፤ የድሮውን ካርድ ወይም ማዘዣ ይዛችሁ ሂዱ። ጆሮ የሚነካው የቲቢ መድኃኒት ሁሉ አይደለምና ስሙ ካልታወቀ ባለሙያው ከግምት አያልፍም።

ቀጥሎ ጆሮ በኦቶስኮፕ፣ መብራትና ማጉያ ባለው መመልከቻ፣ ይታያል። ኩክ የጆሮውን ቦይ ከደፈነው ወደ መለኪያው አያስገቧችሁም፤ ይህ ትክክል ነው። ለስላሳ ከሆነ እዚያው ያወጡታል። የደረቀ ከሆነ ግን ለጥቂት ቀን የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥተው በቀጠሮ ይመልሷችኋል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው መመላለሱ ከባድ መሆኑንም እንረዳለን። የደረቀ ኩክ በግድ ሲወጣ ግን የቦዩን ቆዳ ይልጣል፣ ይደማል፣ ያመረቅዛል። በውኃ ሲታጠብ ውኃው የሰውነት ሙቀት ያህል፣ 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ በውስጥ ጆሮ ያሉትን የሚዛን ቦዮች ስለሚያውክ ሰውየው ዞሮት ይወድቃል። እዚህ በቴርሞሜትር ይለካሉ። ታምቡሩ የተቀደደ ወይም መግል የሚወጣው ጆሮ በፍጹም በውኃ አይታጠብም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ካላችሁ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ።

ቤት ውስጥ የሚደረገውን እዚሁ እናንሳ፤ ክሊኒኩ ከሚያያቸው ችግሮች ብዙዎቹ ከዚያ ይመጣሉና። የክብሪት እንጨት፣ የፀጉር ሽቦና ጥጥ የተጠመጠመበት እንጨት ኩኩን ወደ ታምቡሩ ይጠቀጥቁታል። የነጭ ሽንኩርትና የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። እባካችሁ ለልጆች አታድርጉት።

ሦስተኛው ቲምፓኖሜትሪ፣ የታምቡሩን መላወስ የሚለካው ምርመራ፣ ነው። ለስላሳ የላስቲክ ጫፍ ጆሮ ውስጥ ይገባና የአየር ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ አያምም። ማሽኑ የሚሥለው መሥመር መሀል ላይ ጉብታ ካለው ኤ ይባላል፣ ደህና ነው። ጉብታው ወደ ግራ ከሸሸ ሲ ይባላል፤ ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው የተዘጋ ሰዎች ላይ ይታያል። ጠፍጣፋ ከሆነ ቢ ነው። ጠፍጣፋው መሥመር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ አጠገቡ የተጻፈው የቦይ መጠን መነበብ አለበት። መጠኑ እንደማንኛውም አዋቂ ሆኖ መሥመሩ ከተጠፈጠፈ ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። መጠኑ በጣም ከበዛ ታምቡሩ ተቀዷል። በጣም ካነሰ ወይ ኩክ አለ ወይ ጫፉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ብቻ የሚሆን ነገር አለ። ይህ ማሽን የሚለካው በአየሩ ግፊት ላይ ተመርኩዞ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሁኔታ ተስተካክሎ የመጣ ማሽን እዚህ 2 ሚሊ ሊትር የሆነውን ባዶ ቦታ ወደ 2.6 ገደማ አድርጎ ያነበዋል። ደህናውን ሰው «ታምቡርህ ሳይቀደድ አይቀርም» የሚያሰኝ ስህተት ነው። ክሊኒኩ ጠዋት ጠዋት በ2 ሚሊ ሊትር መፈተሻ ማሽኑን አረጋግጦ ነው የሚጀምረው፤ ስትጠይቁም መፈተሻውን ያሳዩዋችኋል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሊመሰገን ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የመስማት መጠን የሚለካው ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ትልቁ ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ራሱ ደህና ተሠርቷል፤ ግድግዳው ድርብ ነው፣ በሩ ዙሪያውን ላስቲክ አለው። የተተከለበት ቦታ ግን ምድር ቤት፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ሲኖትራክ በተከታታይ ሲያልፍ ወለሉ ይርገበገባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ወዲያ ይነሣል። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን ከቀጭን ድምፅ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የዚህ ክፍል ስህተት በ250 እና በ500 ኸርዝ ላይ ይታያል (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም ነው)፤ ውጤቱ 10 ወይም 15 ዴሲቤል የባሰ ሊመስል ይችላል። ከ2,000 ኸርዝ በላይ ያለው ብዙም አይነካም። የጩኸት ጉዳት የሚታየው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ስለሆነ ለፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ክፍል ያገለግላል ማለት ይቻላል። መካከለኛ ጆሮው ለታመመ ሰው ግን የወፍራሙ ድምፅ ውጤት ወሳኝ ነውና ያሳስበናል።

የምትለካው ባለሙያ መኪና ሲያልፍ እያቆመች ትደግማለች፤ ጥሩ ነው። ጄኔሬተር ሲነሣ ግን ሥራው ይቀጥላል፤ ይህ መቆም አለበት። ጄኔሬተሩ ወደ ሕንፃው ጀርባ ቢዛወርና እግሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ቢደረግ፣ የመለኪያ ክፍሉም አንድ ፎቅ ወጥቶ ከመንገዱ ቢርቅ ችግሩ ባብዛኛው ይቃለላል። እስከዚያው ድረስ መብራት በጠፋበት ቀን ከሆነ ሌላ ቀን ይቀጠርልኝ በሉ፤ ሳያስከፍሉ ያዛውራሉ። እናንተም መፈተሽ ትችላላችሁ። በሩ ተዘግቶ ማዳመጫውን ካደረጋችሁ በኋላ ከተራ መጠበቂያው የሚመጣው የቴሌቪዥን ንግግር ቃል በቃል ከተሰማችሁ ንገሯቸው፣ ይቀነስ።

ከመግባታችሁ በፊት ጉትቻ፣ መነጽርና ሻሽ ይወልቃል፤ ወፍራም ሹሩባም ከማዳመጫው ሥር መገፋት አለበት። ቀዩ ማዳመጫ ቀኝ፣ ሰማያዊው ግራ ነው። ሲገለበጥ ሙሉ ውጤቱ ይገለበጣልና ራሳችሁ እዩት። የሚሰጣችሁ ትእዛዝ ቀላል ነው፤ ድምፅ ስትሰሙ ቁልፉን ተጫኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በደንብ ሲሰማኝ ነው የምጫነው» ብሎ እየጠበቀ ነው። የሚፈለገው ልክ መሰማት የሚጀምርበት ጠርዝ ስለሆነ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ደካማና ሩቅ ቢሆን፣ ሰማሁ አልሰማሁም ብላችሁ ብትጠራጠሩ እንኳ ተጫኑ። ጆሮው ጭው ለሚል ሰው ደግሞ የማሽኑ ድምፅ ከራሱ ጭውታ ጋር ይምታታበታል። ያን ጊዜ የሚቆራረጥ ድምፅ ይሰጠኝ በሉ፤ ማሽኑ አለው፣ ሳይጠየቁ ግን ሁልጊዜ አይጠቀሙበትም።

አለካኩ በደንቡ ነው የሚካሄደው። ይሻላል ከምትሉት ጆሮ፣ በ1,000 ኸርዝ ይጀመራል። ስትሰሙ ድምፁ በ10 ይወርዳል፣ ሳትሰሙ ሲቀር በ5 ይወጣል፤ እየወጣ ሲመጣ ከሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ የተሰማበት ዝቅተኛው ደረጃ ይመዘገባል። ከዚያ 2,000፣ 3,000፣ 4,000፣ 6,000፣ 8,000፤ ወደ 1,000 ተመልሶ ማረጋገጫ፣ ከዚያ 500 እና 250። ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ከ5 ዴሲቤል በላይ ከተለያየ የቀደመው ሁሉ ይጠረጠራል። 3,000ን እና 6,000ን ሳይለኩ የሚዘሉ አሉ፤ ለጩኸት ጉዳት ግን እነዚህ ሁለቱ የግድ ናቸው። እዚህ አይዘሉም።

አረጋውያን ላይ አንድ ስህተት አይተናል። ከላይ የሚጫን ማዳመጫ የላላውን የጆሮ ቦይ ሊያጥፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ በቀጫጭን ድምፆች ላይ የሌለ ጉዳት ይታያል። መፍትሔው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ ጫፍ ማዳመጫ ነው። ክሊኒኩ አለው፤ አባትና እናታችሁን ስትወስዱ እሱን ጠይቁ።

በአየር የተለካው ውጤት ብቻውን ግማሽ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ነዛሪ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ይደረግና ድምፁ ታምቡሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ውስጥ ጆሮ ይሄዳል። በአየር መጥፎ፣ በአጥንት ደህና ከሆነ ችግሩ ቦይ፣ ታምቡር ወይም መካከለኛ ጆሮ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕክምና አለው። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ጉዳቱ ውስጥ ጆሮ ወይም ነርቭ ላይ ነው። በአጥንት የሄደ ድምፅ የራስ ቅሉን አቋርጦ ወደ ሌላኛው ጆሮ ስለሚደርስ የማይለካው ጆሮ በሹሹታ ይሸፈናል። በአየር ሲለካም ሁለቱ ጆሮዎች በ40 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከተለያዩ እንደዚሁ። ሹሹታው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ እሱን ሰምታችሁ አትጫኑ፣ ከሥሩ ያለውን ድምፅ ጠብቁ። ይህ ካልተደረገ ፈጽሞ የማይሰማ ጆሮ በደህናው ጆሮ ታግዞ የሚሰማ ይመስላል። ሹሹታ ሳይጠቀሙ የሚያሰናብቱ ቦታዎች ስላሉ፣ ይህን ክሊኒክ ከፍ አድርገን ያየነው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ ማጣሪያ ብቻ ነው።

ወረቀቱን እንዴት ታነቡታላችሁ? ከግራ ወደ ቀኝ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች መስማት ይቀንሳል። ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ ጆሮ ነው። የጩኸት ጉዳት መልኩ ይታወቃል፤ መሥመሩ ከላይ ከላይ ሄዶ 4,000 አካባቢ ወደ ታች ይጎደጉድና 8,000 ላይ መልሶ ይነሣል። በዕድሜ የሚመጣው ግን እስከ 8,000 እየወረደ ነው የሚሄደው፣ አይነሣም። ሁለቱ ተደርበው ከመጡ ጉድጓዱ ሊደበዝዝ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደረጃ በተሻለው ጆሮ ከ20 ዴሲቤል በታች መደበኛ፣ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 እስከ 65 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። አንድ ወጥመድ አለ። ክሊኒኩ በታተመው ወረቀት ላይ የሚያወጣው አማካይ የ500፣ የ1,000 እና የ2,000 ብቻ ነው። አንድ ሰው 10፣ 10፣ 15 ቢያመጣና 4,000 ላይ 55 ቢሆን አማካዩ 12 አካባቢ ሆኖ «መደበኛ» ተብሎ ይጻፋል። 4,000ን ሲጨምሩት 22.5 ይሆናል፣ ደረጃውም ይለወጣል። ስለዚህ «መደበኛ» የሚለውን ቃል ሳይሆን 4,000 ላይ ያለውን ነጥብ ተመልከቱ። ውስጥ ጆሮ ላይ የሞቱት ፀጉር መሰል ሴሎች በሰው ላይ መልሰው አይበቅሉምና ያ ጉድጓድ ሳይሰፋ መያዝ አለበት። ባለሙያዎቹ ይህን በቃል ያስረዳሉ፤ ወረቀቱ ላይ አለመጻፉ ግን ጉድለት ነው። ሰው ቤቱ ሲደርስ በእጁ ያለው ወረቀቱ ነውና።

የንግግር ምርመራው ላይ ቅር ብሎናል። የምትለካው ባለሙያ ቃላቱን በራሷ ድምፅ በማይክሮፎን ታነባለች፤ አንድ ቀን ከፍ፣ ሌላ ቀን ዝቅ ስለሚል ካለፈው ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም። የተቀዳ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩም ለአማርኛ የታሰበ መሆን አለበት። ቀጫጭን ድምፅ የማይሰማ ሰው «ፈራ» እና «ሠራ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» ይምታቱበታል። የሚላላና የሚጠብቅ ድምፅ ግን፣ ለምሳሌ የውኃው «ዋና» እና የመሪው «ዋና»፣ ልዩነቱ በርዝመት ስለሆነ አይጠፋበትም። አሁን ያለው ዝርዝር «አዲስ አበባ»፣ «እናትዬ» የመሳሰሉ ረዣዥም ቃላት ይበዙበታል፤ ግማሹን የሰማ ሰው ቀሪውን ይሞላዋል። በሌላ ቋንቋ አፉን ለፈታ ሠራተኛ፣ እዚህ አካባቢ ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ነውና፣ የአማርኛው ውጤት ጆሮውን ሳይሆን ቋንቋውን ሊለካ ይችላል።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ እዚያው ይሸጣል። በዚያው ቀን ግዙ ብለው አይጫኗችሁም፤ ይህን እናከብራለን። መሣሪያው ግን ከኦዲዮግራሙ (ከመስማት ውጤቱ ወረቀት) በኮምፒውተር ተሞልቶ ይሰጣል እንጂ ጆሯችሁ ውስጥ ምን ያህል ድምፅ እንደሚደርስ በስስ ቱቦ አይለካም። ሰው ሁሉ የጆሮው ቦይ ይለያያል፤ ያለዚህ ልኬት መሣሪያው ሊያንስ ወይም ሊያስጨንቅ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለመሞከሪያ ስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ለማስተካከል ስንት ጊዜ በነፃ እንደምትመለሱ፣ የጆሮ ሞልዱ (በጆሮ ልክ የሚሠራው መሰኪያ) ቢያፏጭ እንደገና ማን እንደሚሠራው ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ባትሪውንም ጠይቁ፤ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ ልጣፍ አላቸው። ልጣፉ ሲላጥ አየር እየሳበ መሥራት ይጀምራል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ክተቱት። መልሶ መለጠፍ ብዙም አያቆየውም። 312ቱ ሳምንት ገደማ፣ 13ቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል፤ የዓመቱን ወጪ በዚህ አስሉት። ሕፃን እንዳይውጠው ተጠንቀቁ።

የስፖንጅ መድፈኛም ይሸጣሉ፣ አደራረጉንም ያሳያሉ። በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፣ በሌላ እጅ በራስ ላይ ዞሮ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ይገባል፣ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ በጣት ይያዛል። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዴሲቤል ቁጥር በላቦራቶሪ የተገኘ ነው፤ ሥራ ላይ ከዚያ በጣም ያንሳል።

እዚህ ተራ መጠበቅ የሌለባችሁ ጊዜ አለ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ካልሰማ በዚያው ቀን ከአንገት በላይ ክፍል ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ፤ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስና የካቲት 12 አላቸው። የሚሰጠው የስቴሮይድ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ብዙ ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ይህን ጊዜ ያሳልፈዋል፤ በጣም ያሳዝናል። ጭውታው አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ከሆነና ያ ጆሮ ከሌላው በተለየ ከወረደም ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር ጠይቁ፤ የነርቭ ላይ እብጠት መኖር አለመኖሩ በኤምአርአይ መታየት ይኖርበታል። ቁልፍ መጫን የማይችል ሕፃን የሚለካበት ማሽንም እዚህ የለም። ለሕፃናት የሚመከረው በ1 ወር ማጣራት፣ በ3 ወር ማረጋገጥ፣ በ6 ወር መርዳት ስለሆነ «ሲያድግ ይለካል» ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም። ክሊኒኩ ወዲያው ሪፈር መጻፍ አለበት።

ጉድጓዱ ወረቀታችሁ ላይ ከታየ ከዓመት በኋላ ተመለሱ። በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ያለው አማካይ በ10 ዴሲቤል ከባሰ የምታደርጉት መከላከያ እየሠራ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር ግዴታው ነው፤ የመጀመሪያው ወረቀት ለዚህ ክርክር መነሻ ይሆናል። ክሊኒኩ ውጤቱን የሚያትመው እንደ ሱቅ ደረሰኝ ባለ በሙቀት በሚጻፍ ወረቀት ላይ ነው። ይህ ወረቀት ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይነጣል፣ ዓመት ሳይሞላው ቁጥሮቹ ሊጠፉ ይችላሉ። በዚያው ቀን ሁለት ፎቶ ኮፒ አንሡ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላውን ለአሠሪያችሁ ስታስረክቡ የተቀበለ ሰው እንዲፈርምላችሁ አድርጉ።